ጋሽ ጌታቸውን ያጀቡት የፓንክ ሙዚቀኞች ስማቸው ይጻፍ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ስለ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ በተወራ ቁጥር አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። በጋዜጣም ይሁን በሬዲዮ የሳክስፎኑ ንጉሥ ታሪክ በክራርና በመሲንቆ ይጀምራል። ከዚያ በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ በኩል አልፎ ይመጣና መጨረሻው ላይ «ከአንድ የሆላንድ ባንድ ጋርም ሠርቷል» ተብሎ ይዘጋል። በቃ፣ አንድ መስመር። የባንዱ ስም እንኳን የለም። የሰዎቹማ ጭራሽ አይነሳም።

እኔ ይቺ አንድ መስመር አንሳለች ባይ ነኝ። ለዓመታት በምሽት ቤቶችና በሠርግ ጊታር ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማለትም አጃቢ ነኝ። ዘፋኙ ስሙ በትልቁ ይለጠፋል፣ እኛ ከኋላ ጨለማው ውስጥ ቆመን እንጫወታለን፣ ሲያልቅ ገመዳችንን ጠቅልለን እንሄዳለን። አንድ ጊዜ ከነባንዳችን የተቀዳንበት ሥራ ወጥቶ ሽፋኑን ባገላብጠው ባገላብጠው የአንዳችንም ስም አልነበረበትም። ስለዚህ የአጃቢ ስም ሲዘለል ያመኛል። እዚህ የተዘለሉት ሰዎች ደግሞ እንዲሁ የሚዘለሉ አይደሉም።

ባንዱ «ዘ ኤክስ» ይባላል። ጊታሪስቱ ቴሪ ሄሰልስ ነው፤ ሙዚቃውን የሚከታተሉ ሰዎች ቴሪ ኤክስ ይሉታል። ባንዱን ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን ከ1979 ጀምሮ ከዚያ ባንድ አልወጣም። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ፓንክ ሮክ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት የቆመ ፀጉር፣ የተቀደደ ሱሪና ጩኸት ነው። ጩኸቱ አለ፣ አልክድም። ግን ከጩኸቱ ሥር አንድ ሐሳብ አለ። ማንም ይችላል፣ ማንንም ፈቃድ አትጠይቅ፣ እስክትማር አትጠብቅ፣ ዛሬ ጀምር የሚል ነው። ዘ ኤክስ በትክክል እንደዚያ ነው የተነሱት። ማን ምን ይጫወት የሚለውን በዕጣ ወሰኑ። ስሙን የመረጡትም ግድግዳ ላይ በቀለም ቶሎ ተረጭቶ ስለሚያልቅ ነው።

ጊዜውም እንደዚያ ዓይነት ሰው የሚያስነሳ ነበር። በሆላንድ ከተሞች ባለቤቶቻቸው ዘግተው ያስቀመጧቸው ባዶ ቤቶች ሞልተዋል፣ ወጣቱ ግን የሚገባበት ቤት የለውም። ስለዚህ ሰብረው እየገቡ መኖር ጀመሩ። ኤፕሪል 30 ቀን 1980 ንግሥት ቤያትሪክስ ዙፋን ላይ ስትወጣ አምስተርዳም ውስጥ «ቤት ከሌለ ዘውድ የለም» የሚሉ ወጣቶች ከፖሊስ ጋር ሲጋጩ ዋሉ። ዘ ኤክስ የዚያ ትግል ባንድ ነበር። ከአምስተርዳም ብዙም በማትርቀው በዎርመር የወረቀት ፋብሪካ ተዘግቶ ሠራተኛው ሲበተን፣ በ1983 ስለዚያ ፋብሪካ አራት ትንንሽ ሸክላ አንድ ላይ አድርገው አወጡ። በ1986 ደግሞ ስለ ስፔን አብዮት ሁለት ሸክላ ከ144 ገጽ የፎቶ መጽሐፍ ጋር አሳተሙ። አስቡት፣ የሮክ ባንድ ነው፤ ሁለት ትንንሽ ሸክላ ለመሸጥ ብሎ ያን የሚያህል የታሪክ መጽሐፍ የሚያሳትም።

ይህን ሁሉ ያደረጉት ደግሞ በራሳቸው ነው። ሸክላውን የሚያሳትሙት በራሳቸው ስም፣ ጉዞውን የሚያዘጋጁት ራሳቸው፣ ማናጀር የሚባል ነገር የላቸውም። ይሄ ለእኛ አገር ሙዚቀኛ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ስፖንሰር ካልተገኘ፣ ፕሮዲውሰር ካላየን፣ «ሰው ካላስገባን» እያልን ስንት ዓመት እናቃጥላለን። ጎበዝ ጊታሪስቶች ቤታቸው ቁጭ ብለው ሲያረጁ አይቻለሁ።

ቴሪ ጊታር ትምህርት ቤት አልገባም። ስለ አጨዋወቱ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጊታሩ ቀለሙ የለቀቀ፣ የተፋፋቀ አሮጌ ጊታር ነው። ክሩን በጣቱ ብቻ አይመታውም። በድራም ዱላ ይደበድበዋል፣ በብረት ይፍቀዋል፣ አንዳንዴ ከማጉያው ጋር አፋጥጦ ያስጮኸዋል። ገላው አብሮ ይሄዳል፤ ጎንበስ ቀና ይላል፣ ጊታሩን ያወናጭፈዋል። መጀመሪያ የሚያየው ሰው መሣሪያውን ሊሰብረው ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ግን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ምቱ አይዛነፍም። አጠገቡ አንዲ ሙር የሚባል ሌላ ጊታሪስት አለ፣ ከ1990 ጀምሮ አብሮት ነው። አንዱ ትንሽ ሐረግ ይዞ ሲደጋግም ሌላው ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ከኋላ ካተሪና ቦርንፌልድ ድራም ላይ ናት፣ ከ1984 ጀምሮ። ሲምባል ላይ ከመንጫጫት ይልቅ ከበሮ ከበሮውን ነው የምትመታው። ትዘፍናለችም።

ደግሞ አንድ ቦታ ቆመው የቀሩ ሰዎች አይደሉም። በ1991 ከአሜሪካዊው የቼሎ ተጫዋች ከቶም ኮራ ጋር አልበም ሠሩ፤ ፓንክ ባንድ ከቼሎ ጋር ማለት በዚያን ጊዜ ያልተለመደ ነው። በ1998 የወጣውን አልበማቸውን የቀዳላቸው ስቲቭ አልቢኒ ነው፣ የታዋቂውን የአሜሪካ ሮክ ባንድ የኒርቫናን የመጨረሻ የስቱዲዮ አልበም የቀዳው ሰው። ቴሪ ከጃዝ ሰዎች ጋር፣ በተለይ ከድራመሩ ከሃን ቤኒንክ ጋር፣ ብዙ ተጫውቷል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

በ2002 ዘ ኤክስ ኢትዮጵያ መጥተው ተጫወቱ። ከዚያ በኋላም ተመላልሰዋል። ካዛንቺስ የነበረውን ፈንድቃ አዝማሪ ቤትን የሚያውቅ ሰው ያውቃቸዋል፤ ከተወዛዋዡ ከመላኩ በላይና ከፈንድቃ ተወዛዋዦች ጋር አብረው ውጭ አገር መድረክ ላይ ወጥተዋል። ቴሪ፣ «ቴርፕ» በሚባለው የራሱ አሳታሚ በኩል፣ ማየት የተሳነውን ድምፃዊ የመሐመድ ጂሚ መሐመድን አልበም በ2006 አወጣ። የበገናው ዘርፉ ደምሴም ሥራ በዚሁ ቤት ታትሟል። በገና! የፓንክ ጊታሪስት የጾም ወቅት ዜማችንን በራሱ ገንዘብ ሲያሳትም፣ እዚህ ግን ያንን ያወቀው ስንት ሰው ነው?

በ2004 ባንዱ 25ኛ ዓመቱን አምስተርዳም ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን ጋበዙት። 69 ዓመቱ ነበር። እዚያ የተጫወተው አይሲፒ ከሚባለው የሆላንድ የጃዝ ኦርኬስትራ ጋር ነው። ከዚያ የሆነው ነገር ነው የሚገርመኝ። በጃዝ የተካኑት ሰዎች እያሉ፣ ጋሽ ጌታቸው የሚቀጥለውን አልበሜን የምሠራው ከእናንተ ጋር ነው ብሎ የመረጠው ፓንኮቹን ነው። መራጩ እሱ ነው፣ ይሄ ይሰመርበት። «ፈረንጆች አገኙት» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው። ዘፈኖቹንም የመረጠው እሱ ነው።

ለምን እነሱን? እኔ እንደ ጊታሪስት የሚመስለኝን ልናገር። ጋሽ ጌታቸው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያደረገው ነገር ሽለላን ወደ ሳክስፎን ማምጣት ነው። ሽለላ እኮ ለመዝናናት የሚሰማ ነገር አይደለም። ጦር ሜዳ ለሚሄድ ሰው ነው፤ ደም የሚያፈላ፣ ወንድ የሚያስነሳ። አሜሪካኖቹ ፍሪ ጃዝ ብለው በሳክስፎን መጮህ የጀመሩት በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ነው፤ እሱ ቀድሟቸዋል፣ ከማንም ሳይቀዳ፣ ከአገሩ ፉከራ። እንዲህ ያለውን ድምፅ ለስላሳ ኪቦርድ ስታጅበው ይሞታል። እዚህ ብዙ ጊዜ የተደረገው ደግሞ እሱ ነው፤ ኪቦርዲስቱ ኮርድ እየደራረበ ቦታውን ሁሉ ይሞላዋል። ቅኝታችን አምስት ድምፅ ነው፤ ስትሞላው ይታፈናል። ቴሪና አንዲ ኮርድ አይቀያይሩም። አንድ ትንሽ ነገር ይይዛሉ፣ እሷኑ ይደጋግማሉ፣ ይወቅጧታል፣ ሳክስፎኑ ከላይ እንደልቡ ይፈነጫል። ካተሪና ችክችካውን ስትይዘው ያዋጣታል፤ ፈረንጅ ድራመሮች ችክችካ ላይ ሲወላገዱ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፣ እሷ ግን አትወላገድም። ቁጣውም ይገጥማል። ቤት ከሌለ ዘውድ የለም ሲሉ የኖሩ ሰዎች ፉከራ ቢሰሙ ምኑ ይጠፋቸዋል?

አልበሙ በ2006 ወጣ፣ «ሞዓ አንበሳ» ተብሎ፣ በቴርፕ። ሽፋኑ ላይ ቀድሞ የተጻፈው የጌታቸው መኩሪያ ስም ነው፤ ዘ ኤክስ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። 27 ዓመት የራሱን ስም ይዞ የኖረ ባንድ፣ በራሱ አሳታሚ፣ በራሱ ወጪ፣ ስሙን ሁለተኛ አድርጎ ጻፈ። ቴሪ የባንዱ መሥራች ሆኖ አጃቢ ሆነ። ለእኔ የሰውየው ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፣ ከራሱ አልበሞች ሁሉ በላይ። አጃቢነት ዝቅ ማለት የሚመስለው ሰው ካለ ይህን አልበም ከፍ አድርጎ ይክፈተው።

በአልበሙ ላይ የተጫወቱት እነዚህ ናቸው። ጊታር፦ ቴሪ ሄሰልስ እና አንዲ ሙር። ድራምና ድምፅ፦ ካተሪና ቦርንፌልድ። ድምፅ፦ ጂ. ደብሊው. ሶክ። ቤዝ፦ ኮሊን ማክሊን። ክላርኔት፦ ዣቪየ ሻርል። አልቶ ሳክስፎን፦ ብሮዲ ዌስት። ትሮምቦን፦ ዮስት በውስ።

ሁሉንም ወድጄዋለሁ አልልም። አንዳንዱ ቦታ ላይ ይቸኩላሉ፤ ትንሽ ቢያስተነፍሱት የሚያምር ዜማ ሳይጠገብ ያልፋል። ሶክ በእንግሊዝኛ የሚያነበንብባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ጋሽ ጌታቸው ገና ነገሩን እየጀመረ ሌላ ሰው ወሬ የጀመረ ያህል ይሰማኛል። ይሄ የኔ ጆሮ ነው። ሽለላው ላይ ሲደርሱ ግን የሚነቀፍ ነገር የለም። ሳክስፎኑ ሲጮህ የቴሪ ጊታር አብሮ ያጓራል፤ የትኛው ጊታር የትኛው ሳክስፎን እንደሆነ የምትጠራጠሩበት ቦታ አለ።

መድረኩ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። በቪዲዮ የተቀረጹ ኮንሰርቶች አሉ፣ ፈልጋችሁ እዩ። ጋሽ ጌታቸው ጎፈሩን ደፍቶ፣ የአንበሳ ለምዱን ደርቦ መሃል ላይ ይቆማል። ብዙ አይንቀሳቀስም። ግራና ቀኙ ፈረንጆቹ ይዘላሉ፣ ላብ በላብ ናቸው፣ ግን ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። ሳክስፎኑን ከአፉ ሲያወርድ ዝቅ ይላሉ፣ ሲመልስ ይነሳሉ። እንደዚያ ዓይንን ተክሎ ማጀብ አሁን አሁን የት አለ? እኛ ስልካችንን እያየን የምናጅብበት ዘመን ላይ ነን። በ2008 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴ በነበሩበት ኮንሰርት ላይም አብረውት ወጥተዋል። በ2012 ሁለተኛውን አልበም አወጡ፣ «የአንበሳው ትዝታ» የሚል፣ ሁለት ሲዲ።

በመሃል አንድ ለውጥ ነበር፤ እሱም መነገር አለበት። በ2009 ድምፃዊው ሶክ ከ30 ዓመት በኋላ ባንዱን ለቀቀ። በእሱ ቦታ የመጣው አርኖልድ ደ ቡር ነው፤ ጊታርም ይመታል፣ ይዘፍናልም። ስለዚህ ባንዱ ሦስት ጊታርና ድራም ሆነ፣ ቤዝ የሚባል የለም። ለጊታሪስት የሚያጓጓ ነገር ነው ይሄ። አርኖልድ በግሉ ዚያ በሚል ስም ይሠራል። የተወለደበት አካባቢ ፍሪስላንድ ነው፣ እዚያ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ፍሪስኛ፤ በ2017 ሙሉ አልበም በዚያ ቋንቋ ዘፈነ። ገበያ የሚያስብ ሰው እንዲያ አያደርግም። የራሱ ትንሽ አሳታሚም አለው፣ የጋናውን ኪንግ አይሶባን ሥራ አሳትሟል። መንገዱ የቴሪ መንገድ ነው። ባንዱ ዛሬም አለ፤ በ2025 አዲስ አልበም አውጥተዋል። 46 ዓመት ማለት ነው።

«እነዚህ ፈረንጆች በሙዚቃችን ከብረዋል» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ በሙዚቃችን ላይ የነገዱ አሉና። ግን ሁሉን በአንድ ጅራፍ መግረፍ ልክ አይደለም። ድንገት ደርሶ ዘፈን ወስዶ የራሱ ያደረገ ሰውና፣ ከሽማግሌው ጎን ቆሞ የሽማግሌውን ስም ያስቀደመ ሰው አንድ ናቸው ልትሉኝ ነው? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጋሽ ጌታቸው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ አዲስ አልበም እንሥራ ብለን ደጁን የጠናን እዚህ ማን ነበርን? እሱም ራሱ ዕድሜውን ሲያጅብ የኖረ ሰው ነው። ፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ እነ ሒሩት በቀለ ሲዘፍኑ ከኋላ የነበረው ማን ነው? ኤፕሪል 4 ቀን 2016 ሲያርፍ የተጻፈውን አንብቤ ነበር፣ ያቺው አንድ መስመር ነበረች።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ በባህልና ኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ ስለ ጋሽ ጌታቸውና ስለ ዘ ኤክስ ሙሉ ገጽ ሥሩ። ሰዎቹ በሕይወት አሉ፣ ኢትዮጵያን ያውቃሉ፣ ጠይቋቸው። ቴሪን ስለ ዜማው ብቻ ሳይሆን ያለ ማናጀርና ያለ ስፖንሰር ይህን ያህል ዓመት እንዴት እንደኖሩ ጠይቁልን፤ ሒሳቡን፣ መኪናውን፣ ሸክላው ስንት ታትሞ እንዴት እንደሚሸጥ። ወጣቶቻችን የሚፈልጉት እሱን ነው።

ሁለተኛ፣ ከአሁን በኋላ ስለ ማንኛውም አልበም ስትጽፉ አጃቢዎቹን በስም ጥቀሱ። የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ኦርኬስትራ ሽማግሌዎች ከመካከላችን እያለፉ ነው። የትኛውን ዘፈን ማን ቤዝ መታው፣ ትራምፔቱ የማን ነው ብሎ የሚመዘግብ ሰው ይፈለጋል፤ ጋዜጠኛ ብትልኩ የሚያወሩት ሞልቷቸዋል።

ቦታ ካጠራችሁ ከደብዳቤዬ ሌላውን ቀንሱ፣ ቅር አይለኝም። የስሞቹን አንቀጽ ግን እንዳለ አውጡልኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ጊታር አጃቢ፣ ከአዲስ አበባ